ጠዋት ጠዋት ቀን የሚጠይቅ ማሽን

ያን ክረምት ከሰኔ እስከ ጳጉሜ ያደከመችኝ አንዲት የትእዛዝ መስመር ናት። «ማሽኑ ሲነሳ ይህን ፕሮግራም ክፈት» ትላለች፤ ሌላ ነገር አትልም። የጻፍኳት እኔ ነኝ። የምትኖረው ደግሞ ከመርካቶ ጭድ ተራ ዝቅ ብሎ፣ ገመድና ሸራ በጅምላ በሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ሱቅ ውስጥ፣ ከሸራው ክምር ኋላ በተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው። ሽማግሌውን ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው።

እኔ መሳለሚያ አካባቢ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ በልብስ ሰፊዎች መሀል በተሸጎጠች ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሙያዬን እወዳለሁ፤ ሰው ግን ቶሎ ያናድደኛል። ደንበኛ «ምንም አልነካሁም» ሲለኝ ደሜ ይፈላል፤ ምንም ያልነካ ሰው እስካሁን አልገጠመኝምና። አሮጌ ማሽን ይዞ የመጣ ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ በዊንዶውስ ፋንታ ሊነክስ ተጭኖለት ነው የሚመለሰው። ሊነክስ አሮጌ አይንቅም። ደግሞ ምን እያደረገ እንደሆነ ይናገራል። ሲነሳ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጫጭ መስመሮች እየተከታተሉ ይወርዳሉ፤ ይሄን አገኘሁ፣ ያንን አስነሳሁ፣ ይሄኛውን እየጠበቅሁ ነው እያሉ። እነዚያን መስመሮች ሳይ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ የማዳምጥ ይመስለኛል፤ ሐሳቤ ውልቅ ብሎ ይሄዳል፣ የት ደርሶ እንደመጣም አላውቅም። ብዙ ደንበኞቼ የምሠራ ሲመስላቸው እኔ የለሁም።

የጋሼ ማሽን ሥራው አንድ ብቻ ነበር። ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ተነስቶ፣ መሳለሚያ ጀርባ ካለው ቤታቸው፣ የባለቤታቸውን መኝታ በካሜራ ማሳየት። ባለቤታቸውን እትዬ ነው የምላቸው። ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፣ አንደበታቸውም ተይዟል። የምታስታምማቸው በጣም ታናሽ የሆነች፣ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ እህታቸው ናት።

ካሜራውን እንድገጥም የጠየቁኝ ዕለት ጋሼ የገመድ ጥቅል ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ ነበር ያወሩኝ። እትዬ የወደቁት ጠዋት ነው፤ ጋሼ ገና ከቤት እንደወጡ። እህትየው ያኔ አብራቸው አትኖርም። ልጅም የላቸውም። ጋሼ ቤት የተመለሱት ሊመሻሽ ሲል ነው።

«ቀኑን ሙሉ ወለል ላይ ነበረች» አሉኝ። «እኔ እዚህ ገመድ እለካለሁ።»

ከዚያ በኋላ ሱቁን ዘግተው ቤት ለመዋል ሞክረው ነበር። እትዬ ግን በደህናው እጃቸው በሩን እያመለከቱ አስወጧቸው። ሱቁ የሁለቱም ነው፤ አብረው ነው የጀመሩት። ስለዚህ ጋሼ የፈለጉት ገመድ እየለኩ ቀና ሲሉ እትዬን ማየት ነበር፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ካሜራውን ገጠምኩ። የሰው መኝታ ቤት ስለሆነ ሌላ ዓይን እንዳይገባበት ብዬ የማረጋገጫ ሰነድ ሠራሁለት። ማሽኑ ከካሜራው ጋር ከመነጋገሩ በፊት የሰነዱን ቀን ያያል፤ ሰነዱ የጸና ከሆነ ይነጋገራል፣ ካልሆነ ፊቱን ያዞራል። ሁለት ዓመት ያህል ያለ አንዳች እንከን ሠራ። እኔም ረሳሁት።

ሰኔ ላይ ጋሼ ደወሉ። ጠዋት ምስሉ አልመጣም። ሄጄ ፕሮግራሙን በእጄ ስከፍተው ተከፈተ፤ እትዬ ትራስ ተደግፈው ታዩ። ማሽኑን አጥፍቼ አስነሳሁት፤ አሁን ደግሞ ራሱ ከፈተው። በልቤ «ምን ነክተው ነው?» አልኩ፤ በአፌ «ይኸው፣ ይሠራል» ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ ጠዋት አልመጣም። ሄድኩ፣ ሠራ። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። አስተማሪ ፊት ጨዋ፣ ዞር ሲሉለት ረባሽ የሚሆን ተማሪ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ሆነብኝ። ሐምሌ በዚህ አለቀ።

የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት አድራሻውን ነው። በእጄ ስከፍተው ማሽኑ ፕሮግራሙ የት እንዳለ ያውቃል፤ ገና ሲነሳ ግን ከእንቅልፉ እንደባነነ ሰው የራሱን ቤት በር ሊስት ይችላል። ሙሉ አድራሻውን ጻፍኩለት። ምንም ለውጥ የለም። ቀጥሎ ኢንተርኔቱን ጠረጠርኩ። መስመሬ ኔትወርኩ ሳይመጣ ተሽቀዳድማ እየወደቀች ከሆነ ብዬ አንድ ደቂቃ እንድትጠብቅ አደረግኋት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ይህቺ ተረት የተፈጠረችው ለእኔ ሙያ ነው። እሷም አልሠራችም።

በዚህ ሁሉ መሀል ዋናው ጥፋት የእኔ ነበር። መስመሯን ስጽፍ፣ የጋሼ ስክሪን በማይገባቸው ጽሑፍ እንዳይሞላ ብዬ፣ ስህተት ቢኖር ወደ የትም ጣይው ብያታለሁ። ወድቃ ስትነሳ ምን እንደመታት የምትናገርበት አፍ አልሰጠኋትም። ደንበኛ ሁሉ ደብቆኛል ብዬ የምቆጣ ሰው፣ ዝም በይ ያልኩት እኔ ራሴ ነኝ። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ትዝ አለኝና ስህተቱን በፋይል እንድትመዘግብ አደረግኋት። በማግስቱ ሄጄ ሳነብ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተጽፏል። የካሜራው ሰነድ ገና አልጸናም ይላል።

ጊዜው አልፎበታል ቢለኝ ይገባኝ ነበር። የሚያልፍ ነገር ብዙ ነው። ይህ ግን ገና ነው የሚለኝ። እኔ በእጄ የሠራሁት፣ ሁለት ዓመት ያገለገለ ሰነድ ገና አልተወለደም። ያን ቀን ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱን ተደግፌ ይህንኑ ሳሰላስል መሳለሚያ አለፈኝ፤ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ነው ረዳቱ የቀሰቀሰኝ። እንቅልፍ ግን አልነበረም። ያልተወለደ ነገር እንዴት ሰውን ሁለት ዓመት ያሳያል እያልኩ ነበር።

ጥፋቱን ካሜራው ላይ ጣልኩና ጳጉሜ በገባ ማግስት ከቀትር በኋላ ወደ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ዝናቡ ገና አላባራም። እትዬ አልጋቸው ላይ ነበሩ፤ ሲያዩኝ በግራ ፊታቸው ፈገግ አሉ። ካሜራውን አውርጄ አየሁት፤ ደህና ነው። የሰነዱን ቀን አነበብኩ፤ ደህና ነው። ግድግዳው ላይ ልመልሰው ስል እህትየው ትንሽ ዝቅ አድርጌ እንድሰቅለው ጠየቀችኝ። ለምን አልኳት። መብራቷ እንድትታያት አለችኝ።

ካሜራው አንዲት የምስር ፍሬ የምታህል አረንጓዴ መብራት አለችው። በካሜራው የሚያይ ሰው ሲኖር ትበራለች፤ ከሌለ ትጠፋለች። እኔ ቁም ነገር ብዬ አልቆጠርኳትም። እህትየው ወደ ኩሽና ወሰደችኝና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጠዋት ጠዋት የእህቴ ዓይን መብራቷ ላይ ነው» አለችኝ። «ካልበራች አፏን አትከፍትልኝም። ቁርስ የለም፣ መድኃኒት የለም።»

ጋሼ ይደውሉ የለ እንዴ አልኳት። ይደውላሉ፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደርግላታለሁ፣ ትሰማለች፤ ግን አትበላም አለችኝ። ድምፅ ከየትም ይመጣል። መብራቷ ግን እያዩኝ ነው ማለት ናት። እትዬ የወደቁ ቀን ወለል ላይ ሆነው ማንም አላያቸውም፤ ከዚያ ወዲህ ሳይታዩ የዋሉበት ቀን አልነበረም፤ እስከ ሰኔ ድረስ። ለጋሼ እንዳልነግር ለመነችኝ። ቢያውቁ ነገ ሱቅ አይከፍቱም፤ እትዬ ደግሞ ያንን አይፈልጉም።

ለካ ሁለት ወር ተኩል ሙሉ፣ ጋሼ በደወሉልኝ ቁጥር፣ እኔ የያዝኩትን ሥራ ጨርሼ፣ ሻዬን ጠጥቼ፣ አራት ሰዓት አምስት ሰዓት ላይ ስደርስ፣ እዚህ አንዲት ሴት ጾማቸውን ግድግዳ ያያሉ። እኔ ፕሮግራሙን በእጄ ስከፍት መብራቷ ትበራለች፤ ያኔ ይበላሉ። ማንም ይህን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እንደዚያን ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም። እየተቆጣሁ የምኖር ሰው ነኝ፤ የሚቆጣኝ ሰው ፈልጌ አጣሁ።

በማግስቱ የሩፋኤል ዕለት ነበር። ገና ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሆን ሱቁ በር ላይ ደረስኩ። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላቋረጠም፤ የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው ብለው ልጆች በየደጁ ራቁታቸውን ይዘላሉ፣ ሸክም የያዙ ሰዎች እንኳ ፊታቸውን ወደ ሰማይ ያደርጋሉ። እኔም ጥላዬን አጥፌ ቆምኩ። ውኃው በአንገቴ ሲወርድ መርካቶ ገና ያልነቃ ሰፈር መሰለኝ፤ መዝጊያዎቹ ሁሉ የተዘጉ፣ ሸራዎቹ ውኃ አዝለው የተንዘረፈፉ፣ አንድም ጋሪ የማይጮህበት። ጸጥታው ከጥቂት ደቂቃ በላይ እንደማይቆይ አውቃለሁ። ጋሼ ደርሰው እንዲህ ርሼ ሲያገኙኝ አንድ ንጹሕ ኬሻ አውጥተው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ።

የማላውቀውን ነገር ለማየት ነበር የመጣሁት፤ የጋሼን ጠዋት። በመጀመሪያ የመብራት ቆጣሪው ጋ ሄደው ብሬከሩን አነሱ። ማታ ሲዘጉ ያወርዱታል፤ እሳት የማይፈራ የመርካቶ ነጋዴ የለም፣ ሁሉም እንደዚያው ነው የሚያደርገው። ይህን መርሳት አልነበረብኝም፤ እኔ የራሴንም ክፍል እንዲሁ ነው የምዘጋው። ከዚያ የማሽኑን ቁልፍ ተጫኑ። የለመድኳቸውን ነጫጭ መስመሮች ስጠብቅ ሌላ ገጽ መጣ። ጋሼ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ቀን ይጠይቀኛል» አሉ። «ከሰኔ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ይጠይቀኛል። እመልስለታለሁ።»

ምን ብለው እንደሚመልሱለት ቆሜ አየሁ። ጋሼ ሐሰት የማይናገሩ ሰው ናቸው፤ ቀኑን በትክክል ነው የሚሞሉት። በትክክል ማለት ደግሞ በእኛ ነው፤ በእኛ ዓመተ ምሕረት፣ በእኛ ወር፣ ሰዓቱንም በእኛ። ወሩ ላይ ሲደርሱ ግን ተበሳጩ።

«እስከ ነሐሴ እሺ ይለኝ ነበር። ጳጉሜ ከገባ ወዲህ አሥራ ሦስት ስለው ወደ አንድ ይመልሰዋል» አሉኝ። «አሥራ ሦስተኛ ወር የማያውቅ ማሽን ነው ያመጣሽብኝ።»

የገመድ ጥቅሉ ላይ ተቀምጬ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ሁለት ወር ተኩል ያንከራተተኝ ነገር ይኸው ነው። ማሽኑ ሆድ ዕቃ ውስጥ ሳንቲም የምታህል ባትሪ አለች፤ መብራት ሲጠፋ ሰዓትና ቀን የምታስታውስለት እሷ ናት። ሰኔ ላይ ሞታለች። ማታ ብሬከሩ ሲወርድ ማሽኑ ቀኑን ይረሳል፣ ጠዋት ይጠይቃል፣ ጋሼ ደግሞ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ያለውን የእኛን ቀን ይሰጡታል። እሱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚረዳው። መስመሬ ስትነሳ የካሜራው ሰነድ የሚጸናው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ፊቷን አዙራ ትወድቃለች። ትንሽ ቆይቶ ኢንተርኔቱ ሲመጣ ማሽኑ ቀኑን ከውጭ ጠይቆ ያስተካክላል፤ ግን መስመሬ አንዴ ሞክራ ትታለች። ከዚያ እኔ እደርሳለሁ፣ ሁሉ ነገር ደህና ነው፣ ይሠራል። አጥፍቼ ሳስነሳውም ብሬከሩ ስላልወረደ ቀኑን አይረሳም።

ለምን አልነገሩኝም ስላቸው ጋሼ በመነጽራቸው ላይ አዩኝ። «መች ጠየቅሽኝ?» አሉ። «መጣሽ፣ ነካካሽ፣ ይሠራል ብለሽ ሄድሽ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው ልጄ።»

እንዲያው ነገሩን ለማቅለል ብዬ አስረዳኋቸው። ይህ ማሽን ጠዋት ጠዋት ሲነሳ፣ እርስዎ በሚነግሩት መሠረት፣ የዛሬ ሰባት ስምንት ዓመት ላይ ነው ያለው አልኳቸው። ካሜራው አልተገዛም፣ ሰነዱ አልተጻፈም። ይስቃሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ጋሼ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ስክሪኑን አዩት።

«ያኔ እሷ ደህና ነበረች» አሉ። ደግሞም፣ «ይሄን ሱቅ ጠዋት የምትከፍተው እሷ ነበረች። እኔ ኋላ ነበር የምደርሰው።»

ከዚያ ወዲህ ይህን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። በዚያ ሳጥን ውስጥ፣ ለጥቂት ደቂቃ፣ እትዬ ገና አልወደቁም። ከሸራው ኋላ ቁልፍ ይዘው ወዲህ ወዲያ ይላሉ፣ ደንበኛ ይቆጣሉ፣ ገመድ በክንዳቸው ይለካሉ። ኢንተርኔቱ ሲመጣ ነው የሚወድቁት። ጋሼ ይህን ሳያውቁ፣ እውነት እየተናገሩ፣ በየቀኑ ወደዚያ ይመልሷቸው ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ እየወረደ እኛ ሁለታችን እዚያ ዓመት ውስጥ ትንሽ ተቀመጥን። አዝኜ ነበር፤ ደግሞ መነሳት አልፈለግሁም።

መነሳት ግን ነበረብኝ፤ መሳለሚያ ጀርባ ያልተበላ ቁርስ አለ። ፕሮግራሙን በእጄ ከፈትኩ፤ እትዬ ታዩ። ሰዓት ከሚጠግኑት ሰዎች ባትሪ ገዝቼ ቀየርኩ። መስመሯንም ደግሜ ጻፍኳት፤ ኢንተርኔቱ መጥቶ ቀኑ እስኪስተካከል እንድትጠብቅ፣ ብትወድቅም እየተነሳች እንድትሞክር። ከዚያ ጋሼ ብሬከሩን አወረዱ፣ እስከ ሃምሳ ቆጠርን፣ አነሱት። ማሽኑ ምንም ሳይጠይቅ ነጫጭ መስመሮቹን አወረደ፤ ምስሉም ራሱ መጣ።

«እንግዲህ አይጠይቀኝም ማለት ነው?» አሉ ጋሼ።

አይጠይቅዎትም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ አንድ ደንበኛ ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቅ አልሄድኩም። ቀድሜ ቤታቸው ሄድኩ። ማሽን ፊት ቆሜ ሲሠራ ማየት ሁለት ወር ተኩል አታሎኛል፤ እውነቱ የሚታየው እዚህ ነው ብዬ ነው። እህትየው አጥሚት በሳህን ይዛ አልጋው ጫፍ ተቀምጣለች፤ ማንኪያውን አላነሳችም። እትዬ መብራቷን እያዩ ነው። ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። እኔ በሐሳቤ ጭድ ተራ ነበርኩ፤ አሁን መዝጊያውን ከፍ አደረጉ፣ አሁን ብሬከሩን አነሱ፣ አሁን መስመሮቹ መውረድ ጀመሩ፣ አሁን የእኔዋ ቆማ ኢንተርኔት እየጠበቀች ነው። ሁለት ሰዓት አለፈ። መብራቷ የለችም። እህትየው ወደ እኔ አላየችም፤ ላለማየት እየጣረች እንደሆነ ግን ያስታውቃል። መስመሯን ጠብቂ ያልኳት እኔ፣ ለምን ትጠብቃለች ብዬ ተናደድኩባት።

እትዬ በደህናው እጃቸው ሻሻቸውን ወደ ፊት ሳቡ፤ ከሥሩ ያመለጠች ሽበት አስገቡ። አልቸኮሉም። የሚመጣ ሰው እንዳለ የሚያውቁ ሴት ናቸው።

አረንጓዴዋ በራች።

ከደስታዬ ብዛት ተነስቼ አልጋው አጠገብ ሄድኩ፤ ምን ልል እንደነበር አላውቅም። ያኔ ስልኬ ጠራ። ጋሼ ናቸው። አመሰግናለሁ ሊሉኝ ነው ብዬ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እስቲ ትንሽ ዞር በይ፤ ጋርደሽኛል።»

ወደ ግድግዳው ጥግ ሄጄ ቆምኩ። እትዬ አፋቸውን ከፈቱ፤ እህትየውም ማንኪያውን አነሳች።